ቫዝሊን የተቀባው ቧንቧ

እንግዳ ይመጣል ሲባል እኛ ሰዎች ምን እንደሚነካን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። ዓመቱን ሙሉ ዞር ብለን ያላየነውን በር በአንድ ጀንበር ቀለም እናለብሰዋለን። መንገድ ዳር ምንም ሳያጠፋ የተጎለተ ድንጋይ ኖራ ይቀባል። ባሕር ዛፉ እንኳ ሳይጠየቅ እስከ ወገቡ ነጭ ይሆናል። ውስጡ የፈለገውን ይሁን፤ ጣሪያው ያፍስስ፣ የሽንት ቤቱ በር በገመድ ይታሰር፣ ላዩ ብቻ ያብለጭልጭ! ከአዲሱ ገበያ ወደ ዊንጌት የምመላለስበት አንድ ታክሲ አለ፤ ዳሽቦርዱ ከመወልወሉ የተነሳ ፊት ያሳያል፣ ፍሬኑ ግን በተያዘ ቁጥር እንደ አህያ ያናፋል። ሾፌሩን «ልጄ፣ ፍሬኑን ብታሠራው አይሻልም ወይ?» ስለው፣ «ማዘር፣ ፍሬኑን ማን ያየዋል?» አለኝ። እውነቱን እኮ ነው፤ ማንም አያየውም።

ይህ አመል ከየት መጣ ብዬ ሳስብ ሁልጊዜ የማገኘው እዚያው ቫዝሊን ዕቃ ውስጥ ነው። ያደግንበት ነዋ! ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንወጣ እናቶቻችን ከግንባራችን እስከ ቅልጥማችን ለቅልቀው ነበር የሚሸኙን። በላን አልበላን፣ ደብተር ያዝን አልያዝን፣ እሱ ሁለተኛ ነገር ነው። እግራችን ላይ አመድ ከታየ ግን ጉዳችን ፈላ! «የእገሊት ልጅ አመዳም» ከመባል የባሰ ለእናት ምን ስድብ አለ? እኔም አልሸሽግም፣ የራሴን ልጆች እንደዚያው ለቅልቄ ነው ያሳደግኋቸው። ለልጅ ቆዳ ቫዝሊን ደግ ነገር ነው፣ በቫዝሊን ላይ አንዳች ቂም የለኝም። ቂሜ ከሌላ ነው፤ እሱን ነው የማጫውታችሁ።

መቼም ሥራዬን ሳልነግራችሁ ወሬው አይገባችሁም። ጉለሌ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ቴክኒክ ኮሌጅ፣ ውኃ እንዴት እንደሚፈላ አስተምራለሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ያልሳቀ የለም። የባለቤቴ እህት በየበዓሉ «ውኃ ማፍላትማ እኔም ስችል ማንም አስተማሪ አላለኝም» እያለች ዘመድ ሁሉ ፊት ታስቅብኛለች። ስቃችሁ ስትጨርሱ ግን እስቲ ዛሬ ድስት ጥዳችሁ ክዳኑን አንሱና ተመልከቱ። አረፋው ከየትም አይነሳም። አንዲት ጭረት ወይም በዓይን የማትታይ ጎድጓዳ ቦታ ትመርጥና ከዚያችው እየተከታተለ ይወጣል። አረፋ መወለጃ ቦታ ይፈልጋል። ያረጀ፣ የተጫጫረ ድስት ይህን ቦታ አይነፍገውም፤ ልሙጥ ብረት ግን ቦታ ስለሌለው አረፋውን በግድ ያስጠብቀዋል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደመወዜ በእርግጥም የሚያስቅ ነበር። አያበቃም። እሳቱን በጨመራችሁ ቁጥር አረፋው ይበዛል፣ ይበዛል፣ ይበዛና አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ እርስ በርሱ ተያይዞ ብረቱን እንደ ጋቢ ይሸፍነዋል። ከዚያ ወዲያ ውኃው ብረቱን መንካት አይችልም። በጣም በጋለ መጥበሻ ላይ ውኃ ጠብ ስታደርጉ፣ ጠብታዋ በመትነን ፈንታ እየተንከባለለች ስትጨፍር አይታችሁ የለ? እሷ የምትጨፍረው በራሷ እንፋሎት ላይ ነው። ቧንቧም እንዲህ ሲሆን ውኃ ውስጥ ተነክሮ ይቃጠላል። ውኃ ውስጥ፣ እናንተዬ! ይህ ከመሆኑ በፊት ብረቱ ሊሸከም የሚችለውን የመጨረሻ ሙቀት እኛ «ጣሪያ» እንለዋለን። ጣሪያውን ከፍና ዝቅ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ የብረቱ ገጽ ነው። ውኃ ተዘርግቶ የሚለጠፍበት ገጽ ጣሪያው ከፍ ይላል፤ ውኃ እየሸሸ እንደ ዶቃ የሚንከባለልበት ገጽ ቶሎ ይደርቅና ቶሎ ይቃጠላል። በቃ፣ ትምህርቱ አለቀ፤ ፈተና የለም።

ፈተና የነበረባት ብሩክታዊት ናት። ብሩክታዊት የመመረቂያ ሥራዋን ከእኔ ጋር የምትሠራ ተማሪዬ ነበረች፣ ከሸጎሌ የምትመጣ፣ እሑድ እሑድ ቸርች ኳየር ውስጥ የምትዘምር ዝምተኛ ልጅ። ስታስብ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ እየጸለየች ይሁን እያሰላች እስከ ዛሬ አልለየሁም። የመመረቂያ ሥራዋ አንዲት ክንድ የማታክል የብረት ቧንቧ ነበረች። ቧንቧዋ ሆዷ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገብቶባት፣ ውኃ የተሞላ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ትቀመጣለች። ብሩክታዊት ይህችን ቧንቧ ለወራት እያፈላች፣ እያቀዘቀዘች፣ እንደገና እያፈላች፣ መልኳ ጠፍቶ ቡናማ፣ ደብዛዛ፣ በአንድ ቃል አመዳም እስክትሆን አበሰለቻት። ሆን ብላ ነው! ፋብሪካ ውስጥ የገባ ቧንቧ እንደ አዲስ አይኖርማ። በሥራ መልኩ የጠፋ ቧንቧ ጣሪያው የት ነው? ጥያቄዋ ይኸው ነበር።

ጣሪያውን ለማወቅ ደግሞ ጣሪያው ድረስ መሄድ የግድ ነው፤ እዚያ ሲደረስ ቧንቧው ይቃጠላል። ስለዚህ ያ የመጨረሻ ሙከራ አንዴ ብቻ ነው የሚደረገው። ልጅቷ ቧንቧዋን ሳታቃጥል የሄደችበትን የሙቀት ከፍታ በማሞቂያው መለኪያ መስታወት ላይ በቀይ እስክርቢቶ አስምራ፣ የመጨረሻውን ሙከራ በፈታኞቹ ፊት ልታደርገው ጠበቀች። ሌላ ቧንቧ የላትም፤ ቢኖራትም እንደዚያ ለማብሰል ሌላ ወራት ነው። ወራት ደግሞ የሏትም። አንድ ፋብሪካ የቦይለር ክፍሉ ውስጥ ሥራ ይዞላት፣ በዚህ ዙር ተመርቃ ካልመጣች ቦታውን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ቁርጡን ነግሯታል። የልጅቷ ነገር ሁሉ በዚያች አመዳም ቧንቧ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እኔም፣ እሷም፣ ቤተሰቧም፣ ኳየሩም ይህን እናውቅ ነበር።

ያላወቁት አቶ ደምሰው ብቻ ናቸው።

አቶ ደምሰው የኮሌጁ ጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ናቸው። ጫማቸው በክረምት ጭቃ እንኳ የሚያበራ፣ ደረት ኪሳቸው ውስጥ የታጠፈ መሐረብ የማይታጣ፣ ሰላምታቸው የማይጎድል ሰው። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር፤ እንደ ልቤ እረግማቸው ነበር። ክፋት የላቸውም። ያላቸው ፍቅር ነው፤ የሚያብለጨልጭ ነገር ፍቅር። የፈተናው ሳምንት ላይ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረና፣ ማን እንዳሰበው እንጃ፣ «እግረ መንገዳቸውን የብሩክታዊትን ፈተናም ይጎበኛሉ» ተባለ። ከዚያ በኋላ አቶ ደምሰውን ማን ይያዛቸው! አጥሩ ተቀባ። የአበባ መደቡ ድንጋይ ተቀባ። ጥቁር ሰሌዳዬን በሚያብለጨልጭ የዘይት ቀለም አስቀቡልኝና ጠመኔው እየተንሸራተተ አልጽፍ አለ። ክፍል ገብቼ አንድ መስመር ለመጻፍ ስታገል ተማሪዎቼ በሳቅ ሞቱ። ሄጄ ጮህኩባቸው። «ግን አላማረም መምህርት?» አሉኝ፣ ከልባቸው። ሰሌዳ እኮ ነው! ሰሌዳ የሚያምረው ሲጻፍበት ነው! ይህን ብዬ በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ያኔ ነበር ቤተ ሙከራውን መቆለፍ የነበረብን፣ ግን የማን አእምሮ ቧንቧ ሊወለወል ነው ብሎ ያስባል?

የፈተናው ዕለት ጠዋት ከብሩክታዊት ጋር ቤተ ሙከራው ስንገባ አቶ ደምሰው ቀድመውን እዚያ ናቸው። ኮታቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ላባቸውን በዚያ መሐረብ ይጠርጋሉ። ገንዳው ታጥቧል። ውኃው ተቀይሯል። ውኃው ውስጥ ደግሞ አንዲት የማላውቃት ቧንቧ እንደ ሙሽራ ቀለበት ታበራለች።

«መምህርት፣ እስቲ ይዩት!» አሉኝ። ፊታቸው በደስታ በርቷል። «ትናንት ከሰዓት በኋላ ስይዘው ዝጎ፣ ጠቁሮ፣ ምን የመሰለ ነገር ነበር! ለሠራተኛ አላምነውም ብዬ በገዛ እጄ ነው የሠራሁት። መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁት፣ ከዚያ ደቃቁን ወረቀት፣ ከዚያ ፖሊሽ...»

«ከዚያስ?» አልኩ።

«ከዚያማ ወዙ እንዲቆይ ትንሽ ቫዝሊን።»

ቆሽቴ አረረ፤ እውነቴን ነው፣ የማረር ሽታ የሸተተኝ መሰለኝ። እኔ በጾም እንኳ ቁጣዬን የማልጾም ሰው ነኝ፣ ያን ዕለት የወጣኝን ቃል እዚህ አልደግመውም። የወራት ድካም ፍቀው እንደጣሉ፣ የሰው ልጅ ዕድል በብርጭቆ ወረቀት እንደፈገፈጉ፣ ሰሌዳዬን ያጠፉት አልበቃ ብሏቸው ልጅቷንም እንዳጠፏት ነገርኳቸው። አቶ ደምሰው መሐረቡን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ ብሎ ሲጠፋ ታየኝ። ያኔም ቢሆን አላዘንኩላቸውም።

«እኔ እኮ...» አሉ በመጨረሻ፤ «እ... ማለቴ፣ የሁሉም ዕቃ ተወልውሎ የልጅቷ ብቻ እንደዚያ ሆኖ ሲታይ፣ በእንግዳ ፊት እንዳታፍር ብዬ ነው። ልጄ ብትሆንስ?»

አያችሁ? እንዲህ ያለውን ሰው ምን ታደርጉታላችሁ? አንገቱን አታንቁት፣ እንባው ዓይኑ ላይ ነው።

ብሩክታዊት ወደ ገንዳው ሄደች። እጇን ገንዳው ውስጥ ከታ ቧንቧዋን አወጣቻት። በሳሙና አጠበቻት፣ በሙቅ ውኃ አጠበቻት፣ ደግማ አጠበቻት። ከቧንቧዋ ላይ ውኃው ዶቃ እየሆነ ይንከባለላል። ያ ወራት የፈጀ ቡናማ ገጽ የለም። ፈታኞቹን ለምኜ ፈተናውን ላስተላልፍላት ወደ በሩ ተነሳሁ። ማስተላለፍ ማለት የፋብሪካውን ሥራ ማጣት ማለት ነው፤ ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ?

«ቲቸር፣ ቆይ አይሂዱ» አለችኝ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። «አመዳሟ እስከ ቀይዋ መስመር ድረስ ሄዳ አልተቃጠለችም አይደል? ይቺው ራሷ ብረት ናት፤ የተቀየረው ገጿ ብቻ ነው። ከመስመሩ በታች ከተቃጠለች፣ የገጹን ነገር ከምፈልገው በላይ አሳየሁ ማለት ነው።»

«መስመሩን ካለፈችስ?»

«ካለፈችማ በቃ፣ ምንም የምናገረው የለኝም። ወድቄያለሁ።»

ደግነቱ አቶ ደምሰው ያቺን ቀይ መስመር አላዩዋትም ነበር፤ ቢያዩዋት ቆሻሻ ናት ብለው ያጠፏት ነበር። ቧንቧዋን መልሰን ገጠምናት። በሩ ተከፍቶ እንግዶቹ ከነአጃቢያቸው፣ ፈታኞቹም፣ ዋናው ፈታኝ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ ሲገቡ፣ አቶ ደምሰው እጅጌዬን ሳብ አድርገው «መምህርት፣ በእናትዎ፣ በእንግዳ ፊት ስሜን አያንሱብኝ» ብለው ለመኑኝ። እኔ ግን ስማቸውን ከነአባታቸው ላነሳ ቆርጬ ነበር። የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ማለት ምን እንደሚያጠፋ እንግዶቹ በጆሯቸው እንዲሰሙ ፈልጌ ነበር።

ብሩክታዊት የማሞቂያውን ማዞሪያ ከፈተች። ውኃው ዝም አለ። ደብዛዛዋ ቧንቧ እዚህ ላይ ስትደርስ እንደ ሰርግ ቤት ድስት ትንተከተክ ነበር፤ ይቺ ልሙጧ ግን አንዲት አረፋ የለም። ከእንግዶቹ አንዱ «ተበላሸ እንዴ?» ብለው አጠገባቸው ላለው ሲያንሾካሹኩ ሰማሁ። ልጅቷ ጨመረች። በድንገት ቧንቧዋ ተንፈቀፈቀች፤ ትላልቅ አረፋ ወጥቶ ሽቅብ በመሄድ ፈንታ ጎኗ ላይ እየተለጠፈ አልላቀቅ አለ። የመለኪያው ጠቋሚ ወደ ቀይዋ መስመር መውጣት ጀመረ። ከዚህ በፊት በሕይወቴ ዕቃ እንዲቃጠል ተመኝቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን ማርያምን ጠራኋት፤ ተቃጠይ፣ የኔ እናት፣ ተቃጠይ! ብሩክታዊትም ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ያን ጊዜስ እንደማታሰላ እርግጠኛ ነኝ። አቶ ደምሰው ጥግ ላይ ቆመው ምን እየተመኙ እንደነበር እግዜር ይወቅ።

ጠቋሚው መስመሩ ላይ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የፍላቱ ጩኸት ቀጥ አለ። የእንፋሎት ጋቢው ቧንቧዋን ሸፈናት። መሐሏ ላይ ቀይ ነጥብ ብቅ አለ፣ ሰፋ፣ ውኃ ውስጥ እንዳለች ፍም መሰለች። ኃይሉን ስቆርጠው ቧንቧዋ እንደ ጢስ የጠቆረ ጠባሳ ይዛ ቀረች። ከመስመሩ በታች! እንግዶቹ ደግሞ ምን እንዳዩ ሳይገባቸው አጨበጨቡ፤ ፎቶ ያነሱም ነበሩ፣ ቀዩ ብርሃን አምሯቸው ኖሯል።

ዋናው ፈታኝ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ። «ልጄ፣ ቀድሞ ይቺው ቧንቧ እስከ መስመሩ ደርሳ ደኅና ነበረች ብለሻል። ዛሬ ለምን ከዚያ በታች ተቃጠለች?»

«ስላማረች ነው» አለች ብሩክታዊት።

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። ልሙጥ ገጽ ለአረፋ መወለጃ እንደሚያሳጣው፣ ቅባት የነካው ብረት ውኃን እንደሚያሸሽ፣ የተወለወለ ነገር በእሳት ፊት ከአመዳሙ ቀድሞ እንደሚሸነፍ አንድ በአንድ አስረዳች። የፋብሪካ ሰው ቧንቧ ሲቀይር ቅባቱን ሳያስለቅቅ ማሞቅ እንደሌለበት ተናገረች። እኔም የአቶ ደምሰውን ስም ለማንሳት ጉሮሮዬን ስጠራርግ ልጅቷ ቀደመችኝ።

«ቧንቧዋን በዚህ ጥራት በገዛ እጃቸው ወልውለው ያዘጋጁልኝን አቶ ደምሰውን ከልብ አመሰግናለሁ።»

ኧረ በሕግ አምላክ! የእንግዶቹ ሰብሳቢ ወደ ጥጉ ሄደው አቶ ደምሰውን ጨበጧቸው። የአስተዳደር ክፍሉ ከትምህርቱ ጋር እንዲህ ተባብሮ ሲሠራ ማየት እንዳኮራቸው ተናገሩ። የአቶ ደምሰው ፊት ተመልሶ በራ። በኋላ ብሩክታዊትን ለብቻዋ ይዤ ምን ነክቶሽ ነው ብላት፣ «ውሸት ተናገርኩ እንዴ ቲቸር? ያዘጋጁት እኮ እሳቸው ናቸው» አለችኝ፣ ቀዝቀዝ ብላ። ውሸት አልተናገረችም። እሱ ነው የሚያናድደው።

ልጅቷ አለፈች፤ ፋብሪካው ገባች፤ አሁን የቦይለር ክፍሉ ሰዎች ቅባት በነካው እጃቸው አዲስ ቧንቧ እንዳይነኩ እየተቆጣች እንደምትውል ደውላ ነግራኛለች። መቆጣት ከማን እንደተማረች አልጠየቅኋትም። ደስ ብሎኛል። በአቶ ደምሰው ግን እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። ምክንያቱም ሰውየው አንዲትም ነገር አልተማሩም! እንግዶቹ በኋላ የላኩላቸውን የምስጋና ወረቀት መስታወት አስገብተው ሰቅለውታል፤ መወልወል ሳይንስ መሆኑን ለሚያገኙት ሁሉ ያወራሉ። ሰሌዳዬን ድጋሚ ሊያስቀቡት መጥተው በአካል ነው የከለከልኳቸው።

የተቃጠለችውን ቧንቧ ግን ለመጪዎቹ ተማሪዎች መማሪያ ትሁን ብዬ፣ ኮሪደሩ ላይ ባለው የመስታወት ሣጥን ውስጥ ከነጠባሳዋ አስቀምጫት ነበር። ጠባሳዋ ነው ትምህርቱ። «ይቺን ጥቁር ነጥብ ተመልከቱ፣ ብረት ውኃ ውስጥ ሆኖ እንዲህ ይቃጠላል» እላቸዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ እንግዳ ይመጣል ተባለ። ጠዋት አዲሶቹን ተማሪዎች አስከትዬ ሣጥኑ ፊት ቆምኩና ወደ ውስጥ ጠቆምኩ። ጠባሳ የለም። ጥቁር ነጥብ የለም። ከዳር እስከ ዳር ተፈግፍጋ፣ ፖሊሽ ተደርጋ፣ ወዟ ጢም ብሎ፣ ቧንቧዋ ታበራለች። ከሥሯ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «የተቃጠለ ቧንቧ» ይላል።

«ቲቸር፣ የቱ ጋ ነው የተቃጠለችው?» አለኝ አንዱ ተማሪ።

ደሜ ፈላ። አቶ ደምሰውን በስማቸው ልጠራ፣ ኮሪደሩን በጩኸት ልነቀንቀው ወደ መስታወቱ ጠጋ አልኩ። ቧንቧዋ ውስጥ አንዲት ዓይኗ የፈጠጠ፣ ሻሿ ወደ ጆሮዋ የሸሸ፣ ፊቷ በጠዋት ብርድ አመድ የመሰለ ሴትዮ አፍጣብኛለች። ከበሩ በኩል የእንግዶቹ ድምፅ ተሰማ።

ምን ላድርግ? ሻሼን አስተካከልኩ።